መዝጊያውን አልዘጋም ያለችው አውሎ

የኢክራም ምትክ ለአርባ ሁለተኛ ጊዜ መዝጊያው አጠገብ ደረሰችና ለአርባ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ኋላ ዞረች።

ኢክራም አብዱልሰመድ ከመስታወቱ ወዲህ ቆማ ታያታለች። ከጀልባ የወረደችው ከአንድ ሰዓት በፊት ስለሆነ ሻንጣዋን እንኳን አልፈታችም። ከመስታወቱ ወዲያ የምትሮጠው ራሷ ናት፤ ያው ቀጭን ቁመት፣ ያው ስትሮጥ ግራ ትከሻዋን የማስቀደም አመል፣ ያው ስታስብ ከንፈሯን የመንከስ ልማድ። ራሷን ማየቷ አልደነቃትም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሲኒማ ቤቱ ራሷን ስታይ ከርማለች። ግራ ያጋባት ምትኳ እሷ የማታውቀውን ነገር ማድረጓ ነው።

ምትክ የሚባለው ከአንድ ተዋናይ አካል፣ ድምፅና ውሳኔ ተቀድቶ በብርሃን የሚሠራ፣ ከዚያ በኋላ ግን በራሱ የሚተውን ሰው መሳይ ነው። በ2119 ዓ.ም. ፊልም አንዴ ተቀርጾ አይቀመጥም። ተመልካች አዳራሽ ሲገባ ምትኮቹ ታሪኩን ከፊቱ እንደ አዲስ ይጫወቱለታል፤ የዛሬው ከትናንቱ በትንፋሽ፣ በእርምጃ፣ በእንባ ይለያል። ሰው የሚወደውም ይህንኑ ነው። ጣጣው ምትክ ከጽሑፉ ሲወጣ ቆርጦ መጣል አለመቻሉ ነው። ሊያርመው የሚችለው የተቀዳበት ተዋናይ ብቻ ነው። ተዋናዩ በስስ ሽቦ የተሠራ የእርማት ልብስ ለብሶ ትዕይንቱን ራሱ ይሠራዋል፤ ምትኩ ደግሞ ከኋላው እየተከተለ ይማራል። ድሮ በምትኮች ላይ ብዙ ግፍ ስለተፈጸመ ሕግ ወጥቶ ነበር። እያንዳንዱ የእርማት ሥራ በዚያችው ቅጽበት ተገልብጦ ተዋናዩ አገር ወዳለው የተዋንያን ማኅበር መዝገብ ይላካል፤ ማንም ሊያጠፋው አይችልም።

የመጀመሪያው ፊልም «አውሎ» ይባላል። ንፋስ የሚታዘዝላት አንዲት ተማሪ ከተማዋን ከጥፋት ታድናለች። ኢክራም የተቀዳችለት በአሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ፊልሙ ከሞምባሳ እስከ ሊማ ታየ። ሁለተኛው «አውሎ በባሕር ማዶ» ነው። አውሎ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ለጉብኝት ውጭ አገር ትሄዳለች፤ ያረፉባት የባሕር ላይ ከተማም መስጠም ትጀምራለች። ፊልሙ የሚሠራው ከኢንዶኔዥያ የማካሳር ወደብ ወጣ ብላ በምትንሳፈፍ፣ ፑላው ባሩ በምትባል ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ነው። ደሴቲቱም ስቱዲዮውም ኦርላንታ የተባለ ኩባንያ ንብረት ናቸው።

በመጨረሻው ትዕይንት አውሎ ንፋስ በማይገባበት የብረት አዳራሽ ውስጥ ነች። ኃይሏ አይሠራም፤ እንደማንኛውም ሰው በእግሯ መሮጥ አለባት። ጓደኞቿን በትልቁ የብረት መዝጊያ ታስወጣለች፣ ቁልፉን ትጫናለች፣ መዝጊያው ውሃውን ከኋላዋ ያስቀረዋል። ከአዳራሹ ወለል በታች፣ በፍርግርግ ክዳን ሥር፣ መውጫ ያጡ ሠራተኞች አሉ። ጽሑፉ ስለ እነሱ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ከታች ጩኸት ይሰማል።» ምትኳ ግን ጓደኞቿን ካስወጣች በኋላ እጇን ወደ ቁልፉ ትሰድና ትቆማለች። ከዚያ ዞራ ወደ ፍርግርጉ ትሮጣለች።

«ያልሞከርነው ነገር የለም» አለቻት ራትና። ራትና የምትኮቹ ጠባቂ ናት፤ አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ረጋ ያለች የማካሳር ሴት። ሁለቱም ጆሯቸው ላይ አስተርጓሚ ለጥፈዋል፤ አንዷ በአማርኛ ሌላዋ በአገሯ ቋንቋ ትናገራለች፣ ይግባባሉ። ራትና ይህን ስትል ዓይኗ ከጠረጴዛዋ አልተነሣም።

የፊልሙ አዘጋጅ ናሁሰናይ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ለዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት የደከመ ሰው ነው። አከፋፋዮቹ በአምስተኛው ቀን እንደሚመጡ፣ ምትኳ እስከዚያ ካልታረመች ፊልሙ እንደሚሰረዝ ነገራት። ኢክራም አይዞህ አለችው። እሷ ባደገችበት ድሬዳዋ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ነው የሚባለው፤ ናሁሰናይ መጀመሪያ ሲሰማት ቅር ብሎት ነበር፣ በኋላ ለመደው።

በማግስቱ የእርማት ልብሱን ለብሳ ሥራ ጀመረች። ጽሑፉ እንደሚለው ሮጠች፣ ጓደኞቿን አስወጣች፣ ቁልፉን ተጫነች። ምትኳ ከኋላዋ ሆና እያንዳንዱን እርምጃ ደገመች። ኢክራም ወደ መስታወቱ ተመልሳ ምትኳን ብቻዋን ሲለቋት ግን ዞረች። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ኢክራም መናደድ ትታ ማሰብ ጀመረች።

ምትኳ ከፊቷ ያለውን የምታየው በምንድን ነው ብላ ራትናን ጠየቀቻት። ራትና እንደ ካሜራ መልክ እንደማታይ፣ አብሯት የሚተውነውን ሰው ትንፋሽ፣ የትከሻ መወጠር፣ የእጅ መንቀጥቀጥ እያነበበች እንደምትመልስ አስረዳቻት።

«እንግዲያው ከታች ያሉትን ሰዎች ቀይሪያቸውና እንያት» አለች ኢክራም።

ራትና ጣቶቿን ሰሌዳው ላይ አስቀምጣ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ከመጋዘን ሌሎች አጃቢዎችን አመጣች፤ በፍርግርጉ ሥር የሚጮሁ፣ የሚማጸኑ ሌሎች የብርሃን ሰዎች። ምትኳ ሮጠች፣ ጓደኞቿን አስወጣች፣ ቁልፉን ተጫነች፣ መዝጊያው ተዘጋ። አልዞረችም። የቀድሞዎቹን ሲመልሱላት ዞረች።

ኢክራም አዳራሹ ውስጥ ገብታ እስከ ፍርግርጉ ድረስ ወረደች። ወለሉ ወደ ታች ያዘነበለ ነው፣ ረጅም ነው። ክዳኑ ላይ የዛገ የእጅ መዘውር አለ። በደረቷ ተኝታ በፍርግርጉ ቀዳዳ ወደ ታች አየች። ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ከመጋዘን የመጡት አጃቢዎች ወደ ተመልካቹ እያዩ ነበር የሚጮሁት። እነዚህ ማንንም አያዩም። አንዱ ሽማግሌ ሌላውን በትከሻው ወደ ላይ ይገፋል። አንዲት ሴት የራስ ቁሯን አውልቃ የፍርግርጉን ዘንግ በእሱ ትመታለች፣ ትመታለች፣ ከዚያ ታዳምጣለች። አንድ ወጣት ጭራሽ አይጮህም፤ ውሃው ጉልበቱ ላይ መድረሱን ያያል፣ ቀና ይላል፣ እንደገና ያያል። ደረቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት የሥራ መታወቂያ ተንጠልጥሏል። ለአጃቢ ምትክ መታወቂያ አንጠልጥሎ ስም የሚጽፍ ማን ነው?

ኢክራም የእውነተኛ ፍርሃትን መልክ ታውቀዋለች። እንዴት እንዳወቀችው ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«እነማን ናቸው?» አለች ስትመለስ።

ራትና በሩን ዘጋችና ተቀመጠች። ከሦስት ዓመት በፊት ይህ አዳራሽ የቀረጻ ቦታ እንዳልነበረ ነገረቻት። የመርከብ መጠገኛ ነበር። አንድ ቀን ከረፋዱ ላይ ግድግዳው ተሰንጥቆ ባሕር ገባበት። ላይ የነበሩት በመዝጊያው ወጡ፤ ከወለሉ በታች ሲሠሩ የነበሩት ዘጠኙ ቀሩ። ክዳኑ የሚከፈተው ከላይ ብቻ ነው። ክዳኑ ቢከፈት ኖሮ ከጎኑ ወደ ጣሪያው የሚያወጣ መሰላል አለ። ኩባንያው በጽሑፍ የሰጠው መልስ፣ መዝጊያው ውሃ በገባ በዘጠና ሰከንድ ራሱን በራሱ እንደዘጋ፣ በዘጠና ሰከንድ ውስጥም ክዳኑ ጋ ደርሶ መዘውሩን ሊያዞር የሚችል ሰው እንደሌለ ነው። ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ። የምታያቸው ምስሎች ታች የነበረው የጥበቃ ካሜራ የቀዳቸው ናቸው፤ እንዴት ወደ አጃቢዎቹ ማኅደር እንደገቡ የሚያውቅ የለም አለች።

«ምትኬ ክዳኑ ጋ ደርሳ መዘውሩን እስክትይዝ ስንት ሰከንድ ይፈጅባታል?»

ራትና ሰሌዳውን አላየችም። «በዞረች ቁጥር ሁሉ ከስልሳ በታች» አለች።

የስቱዲዮው ኃላፊ ሄልዲን አጃቢዎቹ ሲቀየሩ ምትኳ እንደታረመች ወዲያው ሰማ። ፀጉሩን በጥንቃቄ የሚያበጥር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ኢክራምንና ናሁሰናይን ቢሮው ጠርቶ አመሰገናቸው። የድሮዎቹ አጃቢዎች ነገ ይጠፋሉ፣ አዲሶቹ ይገባሉ፣ ኢክራም በአከፋፋዮቹ ፊት አንድ የመጨረሻ የእርማት ሥራ ትሠራለች፣ ከዚያ በሰላም አገሯ ትገባለች። ኢክራም እነዚያ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። የቆየ ምስል ነው፣ በስሕተት የገባ፣ ስሕተቱም ታርሟል አላት። ፊቱ ላይ ቁጣም ሐፍረትም አልነበረም።

ናሁሰናይ ኮሪደር ላይ ክንዷን ያዘ። የሚለው ነገር ከልቡ ነበር፤ ይህ ፊልም ከቆመ ከአገሯ የሚወጣ ሌላ ፊልም በሃያ ዓመት ውስጥ እንደማይታይ፣ እዚህ ድረስ የመጡት ሠላሳ ሁለት የአገሯ ልጆች ሥራ እንደሚፈቱ፣ የሞቱት ደግሞ ምንም ብታደርግ እንደማይነሡ ነገራት።

«ይህንን ሁሉ አውቃለሁ» አለች ኢክራም። «ግን አንተ አስበው። የእኔ አውሎ ሰው ታድናለች ብለን ነው የሸጥነው። የእውነቶቹን ከእግሯ ሥር ጠርገን የውሸቶቹን ልናስቀምጥላት ነው። አቦ፣ እኔ ይህን አላስተምራትም።»

ናሁሰናይ ክንዷን ለቀቀ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አከፋፋዮቹ ከላይ ባለው ሰገነት ተደርድረው ተቀመጡ። ኢክራም የእርማት ልብሱን ስትለብስ ራትና የጀርባዋን ማያያዣ ትቆልፍላት ነበር። ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብላ፣ አጃቢዎቹን እንድትቀይር እንደታዘዘች፣ ነገር ግን እንዳልቀየረቻቸው ነገረቻት። ኢክራም እሺ እንደማለት አንገቷን ነቀነቀች። ሥራውን ከጀመረች አዲስ አበባ ያለው መዝገብ ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ መጨረሻው እንደሚቀበለው ሁለቱም ያውቃሉ።

ደወሉ ጮኸ። ከግድግዳው ላይ ያለው ትልቅ ሰዓት መቁጠር ጀመረ። ኢክራም ሮጠች፤ ምትኳ ከኋላዋ ተከተለቻት። የብርሃን ጓደኞቿን አንድ በአንድ በመዝጊያው አስወጣች። ሰገነት ላይ አንድ ሰው አጨበጨበ። እጇን ወደ ቁልፉ ሰደደች። ሄልዲን ፈገግ ሲል አየችው።

ዞረች።

ወለሉ ያንሸራትታል፤ ነጠላ ጫማዋ አምልጧት በባዶ እግሯ ቀጠለች። ክዳኑ ጋ ስትደርስ መዘውሩን ያዘች፣ አልነቃነቅ አላት። ዝገቱ መዳፏን ላጠው። እግሯን ፍርግርጉ ላይ ተክላ በሙሉ ክብደቷ ጎተተችው። አንዴ ሲጢጥ አለ፣ ሁለተኛ ዞረ፣ ክዳኑ ተፈናጠረ። ከጎኗ ምትኳ የብርሃን እጇን ወደ ታች ዘርግታ ተንበርክካለች። ኢክራም ቀና ብላ ሰዓቱን አየች።

«ሃምሳ አራት» አለች ወደ ሰገነቱ እየጮኸች። «እነዚህ ዘጠኝ ሰዎች ተዋናይ አይደሉም። እዚህ፣ በዚህ ወለል ሥር ሞተዋል። ዘጠና ሰከንድ አይበቃም አላችሁ። እኔ ሃምሳ አራት ፈጀብኝ።»

መብራቱ ጠፋ። ምትኳም ዘጠኙም አብረው ጠፉ። ኢክራም በጨለማው ውስጥ መዘውሩን እንደያዘች ቆየች፤ የሆነ ሰው መጥቶ ውጪ እስኪላት ድረስ አልለቀቀችውም።

ከሰዓት በኋላ ውሏ መፍረሱን የሚገልጽ ወረቀት ተሰጣት። በሚቀጥለው ጀልባ እንድትሄድ ታዘዘች። ጀልባ ላይ ወጣች፣ ማካሳር ስትደርስ ግን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ አልሄደችም። የተዋንያን ማኅበሩ የተላከለትን ቅጂ ይፋ አድርጎት ነበር። የሟቾቹ ዘመዶች ወደብ ላይ እየተሰበሰቡ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ፣ ባሏን ያጣች ኑርሃያቲ የምትባል ሴት፣ ቤቷ ወስዳ አሳደረቻት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የከተማው አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን እንደገና ከፈተ፣ ኢክራምንም ለምስክርነት ጠራት።

ከመቅረቧ በፊት ባለው ቀን ስልክ ደወለች። የደወለችው ለእናቷ አልነበረም፤ ድሬዳዋ ጎረቤታቸው ለምትኖረው ለፈቲያ ነበር። ፈቲያ የረምላ እናት ናት። ረምላና ኢክራም በሰባት ዓመታቸው፣ ደረቁ የአሸዋ ወንዝ ውስጥ ሲጫወቱ፣ ከተራራ የዘነበ ጎርፍ በጠራራ ፀሐይ ደረሰባቸው። ኢክራም ወጣች። ረምላ አልወጣችም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ይህን ያህል ነው። ነገ ጉባኤው ፊት ግን የቀረውንም ልትናገር አስባለች፤ ፈቲያ ደግሞ ከዜና እንድትሰማው አልፈለገችም።

«ረምላ ጠርታኝ ነበር» አለቻት። «ስሜን ጠራችኝ። ሰምቻታለሁ። አልዞርኩም፣ ሮጥኩ።»

«አውቃለሁ» አለች ፈቲያ። «ድልድዩ ላይ የነበረው ዘበኛ በዚያው ሳምንት ነግሮኛል። ሰባት ዓመትሽ ነበር፣ ልጄ። አንቺ እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው፤ ካልነገርሽኝ ምን ብዬ ላጽናናሽ?»

ኢክራም ስልኩን ከዘጋች በኋላ በኑርሃያቲ ግቢ ውስጥ ባለው አግዳሚ ላይ ለብዙ ጊዜ አለቀሰች። ኑርሃያቲ ለምን እንደሆነ አልጠየቀቻትም፤ ከጎኗ ተቀምጣ ልብስ ማጠፏን ቀጠለች።

ጉባኤው የተሰየመው እዚያው ደሴቲቱ ላይ፣ በብረቱ አዳራሽ ሰገነት ነው። ሰብሳቢዋ አጭር፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ሽማግሌ ናት። በአንድ በኩል የሟቾቹ ዘመዶችና ኢክራም፣ በሌላው በኩል ሄልዲን፣ የኩባንያው ጠበቃና ሠራተኞች ተቀመጡ። ራትናም ከእነሱ ጋር ነበረች፤ አጃቢዎቹን አለመቀየሯን ኩባንያው እንደ ስሕተት ቆጥሮላት ነበር።

ጠበቃው ያለ ዝግጅት አልመጣም። ልጅቷ የሮጠችው በደረቅ ወለል ላይ ነው አለ፤ በዚያን ቀን ግን ውሃው እስከ ጉልበት ነበር። ስለዚህ ሃምሳ አራት ሰከንድ የሚባለው ምንም አያስረዳም።

ኢክራም ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ውሃ ሙሉበት» አለች።

ጠበቃው ተቃወመ። ሰብሳቢዋ ግን መነጽሯን ወደ ዓይኗ አውርዳ ልጅቷን ለትንሽ ጊዜ አየቻትና ፈቀደች። ኢክራም ወደ መዝጊያው ወረደች፣ ቧንቧዎቹ ተከፈቱ፤ ውሃው ጉልበቷ ላይ እስኪደርስ ተጠበቀ። ሰዓቱ ከዜሮ ተነሣ። ኢክራም ሮጠች ማለት አይቻልም፤ ውሃውን በጭኗ እየቀደደች ታገለች። መሃል ላይ ወደቀች፤ ከጉባኤተኛው አንዳንዱ ብድግ አለ። ተነሣች። መዘውሩን ሳታየው በእጇ ዳብሳ አገኘችው፣ አፏ ውስጥ የገባውን ጨዋማ ውሃ እየተፋች ጎተተች። ክዳኑ ሲከፈት ሰዓቱ ሰባ ስምንት ላይ ነበር።

ከዘመዶቹ መካከል ማንም አላጨበጨበም። አንድ ሽማግሌ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሊድኑ ይችሉ እንደነበር በዓይኑ አየ፤ እልል የሚያሰኝ ነገር አይደለም።

ጠበቃው ግን ሌላ መልስ ነበረው። ድምፁን አለዝቦ፣ የሁሉንም ሐዘን እንደሚጋራ ተናግሮ ጀመረ። ይህች ልጅ ተራ ሰው አይደለችም አለ። ጀግና ሆና ሠልጥናለች፤ ምትኳም ከጀግና የተቀዳች ነች። ተራ ሰው ሞት ሲመጣበት ነፍሱን ነው የሚያድነው፤ ወደ ኋላ የሚዞር የለም፤ ዞሮ የመጣ ሰው ስላልነበረ ኩባንያው ሊጠየቅ አይችልም።

ኢክራም ፎጣ አልብሰዋት፣ ከፀጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ቆማ ሰማችው።

«እኔ ጀግና አይደለሁም» አለች። «በሰባት ዓመቴ ጎርፍ መጥቶ ጓደኛዬ ጠራችኝ። አልዞርኩም። በሕይወቴ አንዴ የምዞርበት ጊዜ መጥቶ ሮጬ አመለጥኩ። አንተ የምትለው ተራ ሰው እኔ ነኝ። ግን ያን ቀን ካለፈ ጀምሮ ያልዞርኩበት ቀን የለም። ትምህርት ቤት ስቀመጥ እዞራለሁ፣ መንገድ ስሻገር እዞራለሁ። ማሽናችሁ ሲቀዳኝ የቀዳው ይህንን ነው። ያደረግኩትን ብቻ መስሏችሁ ነበር፤ ላደርገው የነበረብኝንም አብሮ ወስዶታል። ይህ ስሕተት አይደለም። ሰው ማለት ሁለቱም ነው።»

ጠበቃው ወረቀቱን አገላበጠ። ያም ሆኖ፣ አለ፣ በዚያን ቀን ማንም አልዞረም፤ ሐቁ ይኸው ነው።

«ዞረዋል» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ራትና ተነሥታ ቆማ ነበር። ሄልዲን እጅጌዋን ያዘ፤ እሷ ግን ቀስ ብላ ከእጁ አላቀቀችው።

«ያን ጊዜ የመዝጊያው ተቆጣጣሪ እኔ ነበርኩ» አለች። «መዝጊያው ራሱን አልዘጋም። በሃያኛው ሰከንድ ከላይ ትእዛዝ መጣልኝ፤ ሞተሮቹ እንዳይረጥቡ ዝጊው ተባልኩ። ከወጡት መካከል ሁለት ሰዎች ዞረው እየተመለሱ ነበር። በመስኮቴ አይቻቸዋለሁ። መዝጊያው ጋ ለመድረስ አሥር እርምጃ ነበር የቀራቸው። እነሱ ፊት ነው የዘጋሁት። በመዶሻ ሲደበድቡት ቆዩ። በኋላ ሁለቱንም ወደ ሌላ ወደብ አዛወሯቸው፣ እኔን ደግሞ ዝም እንድል አስፈርመው ምትኮች ጋ አመጡኝ። መናገር አልቻልኩም። ያን ምስል ከአጃቢዎቹ ጋር የቀላቀልኩት እኔ ነኝ። አንድ የሚያይ ሰው ይመጣ ይሆናል ብዬ ነው።»

ከታች ውሃው ወደ ቧንቧው እየተመለሰ ነበር። ኢክራም ራትናን አየቻት፤ እያንዳንዱን ዙር አንድ በአንድ እየቆጠረች የተቀመጠችውን ሴት። ዛሬ ማንም አልዞረም የሚሉት፣ የዞሩት ሰዎች ፊት የብረት መዝጊያ ያወረዱት ናቸው። ምትኳ አዲስ ነገር አልፈጠረችም። ያንን የተቋረጠ ሩጫ ነው የጨረሰችው።

ሰብሳቢዋ የሁለቱን ሰዎች ስም ጠየቀች። ራትና ተናገረች፤ ጸሐፊው መዘገበ። ሽማግሌው እጁን ከፊቱ ላይ አንሥቶ ስሞቹ እንዲደገሙለት ለመነ፤ ተደገሙለት።

ጠበቃው ሴትዮዋ የኩባንያው ሠራተኛ ስለሆነች ወደ ቦታዋ ትመለስ ሲል አመለከተ። ራትና ወዴት እንደምትሄድ ጠፍቷት መሃል ላይ ቀረች። ሄልዲን ወንበሯ ላይ ቦርሳውን አስቀምጦበታል። የዘመዶቹ ወገን ደግሞ ያያታል፤ ባሎቻቸውና ልጆቻቸው ላይ በገዛ እጇ መዝጊያ ያወረደች ሴት ናት። ኑርሃያቲ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ኢክራም አግዳሚው ላይ ጥላው የነበረውን እርጥብ ፎጣ አነሣችና ጠጋ አለች።

«እዚህ ቦታ አለ» አለቻት። «ነይ ተቀመጪ።»